የተበላሸ ወይም አደገኛ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አያያዝ፦ መቼ መመርመር፣ መቼ ነቅሎ መተው

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ወይም በሥራ መሐል ድንገት ሲጠፋ የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» የሚል ነው። ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ካመራ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ይህን ዕቃ እንደገና ኮረንቲ ላይ መሰካት ይገባል ወይ?» የሚለው ነው። ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን ኮረንቲ በቀጥታ የሚቀበለው የኮምፒውተሩ ክፍል በመሆኑ ብልሽቱ ከሌሎቹ ክፍሎች ብልሽት በዓይነቱ ይለያል። የተበላሸ ሚሞሪ ኮምፒውተሩን ቢያስቆም ነው፤ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ግን ሰው ሊነዝር፣ እሳት ሊያስነሳ፣ አለዚያም የተያያዘውን ማዘርቦርድና ዲስክ ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ «የተበላሸ» እና «አደገኛ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቼ እጠቀማለሁ። የተበላሸው ኃይል የማይሰጠው ወይም አጉድሎ የሚሰጠው ነው፤ እርሱን ተረጋግቶ መመርመር ይቻላል። አደገኛው ግን ምናልባት ኮምፒውተሩን አሁንም አስነስቶ እያሠራ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚገባው ምርመራ ሳይሆን ተነቅሎ መተካት ብቻ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው አደገኛው እንደ ተራ ብልሹ ተቆጥሮ «እስቲ አንዴ ደግሜ ልሞክረው» በሚባልበት ጊዜ ነው።

ሳይመረመሩ የሚነቀሉ

በመጀመሪያ ሽታ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታን ማንም ይለየዋል፤ ብዙዎች የማያውቁት ግን አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፕላስቲኮችና ሬዚኖች ከመጠን በላይ ሲግሉ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ የሚያወጡ መሆናቸውን ነው። አዲስ ፓወር ሰፕላይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀለል ያለ የቫርኒሽ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ወራት ወይም ዓመታት ያገለገለ ዕቃ ድንገት መሽተት ከጀመረ ግን ሌላ ሰበብ እየፈለጉ ማቆየት አይገባም።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። ከባድ ሥራ ሲከፈት የሚሰማና ከሥራው ክብደት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ቀጭን ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ ያሉ የመዳብ ጥቅልሎች በመንቀጥቀጥ የሚያሰሙት ነው፤ ጆሮ ያስቸግራል እንጂ አይጎዳም። ሥርዓት የሌለው የመንጣጣት ድምፅ ግን ኮረንቲ ክፍተት እየዘለለ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል በዝምታ አይታለፍም። ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው «ጧ» ብሎ ፈንድቶ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን የቀጠለው ነው። የፈነዳው ከድንገተኛ የቮልቴጅ መናር የሚከላከለው ቫሪስተር ወይም አንድ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ክፍል) ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው መሥራቱን ቢቀጥልም ከለላውን አጥቷል፤ የተረፈውም ክፍል የሚሠራው ካቅሙ በላይ ተሸክሞ ነው።

በተሰካ ቁጥር ብሬከር የሚጥል ወይም ፊውዝ የሚያቃጥል ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ሾርት (መነካካት የማይገባቸው መስመሮች መነካካት) አለው ተብሎ ይያዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ፊውዝ መተካት ወይም ብሬከሩን ደጋግሞ ማንሳት ብቸኛውን ጠባቂ ከመንገድ ማስወገድ ነው። የኃይል ገመዱ ራስ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው መሰኪያ ቡናማ ከሆነ፣ ከቀለጠ ወይም ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነም እንዲሁ ይነቀላል፤ እዚህ ላይ ጥፋተኛው ገመዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የመሰኪያው ፒን ከጠቆረ ግን ገመድ መቀየሩ ችግሩን አይፈታውም።

ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መምረጫ ያላቸው አሮጌ ሞዴሎች ለብቻቸው ሊነሱ ይገባል። መምረጫው 115 ላይ ሆኖ 230 ቮልት መስመር ላይ ከተሰካ፣ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ አብዢ ክፍል ለትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከሚችሉት እጥፍ የሚጠጋ ስለሚያደርስባቸው ፍንዳታው የሰከንድ ጉዳይ ነው። በተቃራኒው 230 ላይ ሆኖ በ115 ቮልት መስመር ላይ ቢሰካ አብዛኛውን ጊዜ አልነሳ ከማለት ያለፈ አይደርስበትም። መምረጫው የሌላቸውና ጽሑፋቸው «100–240» የሚሉት ራሳቸው ይመርጣሉ። ያገለገለ ኮምፒውተር ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ገመዱን ከማንሳት በፊት ይህን መምረጫ ማየት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

የማራገቢያ አለመዞር ግን ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ብዙ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ሥራው ቀላል ሲሆን ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ፤ ከመደንገጥ በፊት የሞዴሉን መግለጫ ማየት ይበቃል። ከባድ ሥራ ላይ እያለና ኬዙ እየጋለ የማይዞር ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ይጥፋ።

ጭስ ወይም እሳት ሲታይ

ፋይል ለማስቀመጥ ወይም ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት መሞከር አይገባም። የገመዱ ራስ ከጭሱ ርቆ ያለ ከሆነ ከግድግዳው ይንቀሉት፤ ካልሆነ ብሬከሩን ያውርዱ። በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ለመድረስ እጅን ወደ ጭሱ መስደድ ትክክል አይደለም። ኮረንቲው መቋረጡ እስካልተረጋገጠ ድረስ ውኃ አይደፋም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ይሠራል። ነበልባሉ ከኬዙ ወጥቶ ሌላ ነገር ከያዘ ወይም ጭሱ ክፍሉን ከሞላ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ የእሳት አደጋ መከላከያ ይጠራ።

እሳት ባይኖርና ጭሱ ብቻውን ቢቆም እንኳ መስኮት ተከፍቶ ከክፍሉ መውጣት ይገባል፤ የፈነዳ ካፓሲተርና የተቃጠለ ሰሌዳ ጭስ ሳንባን ይጎዳል። ኮምፒውተሩም ተነቅሎ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነካም። ከዚያ በኋላ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ መሰካት የለም፤ ጭስ ያወጣ ፓወር ሰፕላይ ታሪኩ አብቅቷል።

ሳጥኑ ለምን አይከፈትም

የፓወር ሰፕላዩ ሳጥን በአራት ብሎን ብቻ የተዘጋ ስለሆነ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ ይፈተናል። ውስጡ ግን ከግድግዳው ኮረንቲ የሚሞሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ። 230 ቮልት የሚባለው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ሲቃና ወደ 325 ቮልት ይደርሳል፤ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሞዴሎች ውስጥ ያለው የኃይል ማስተካከያ ደግሞ ወደ 380 ወይም 400 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ይህ ሙሌት ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በጥንቃቄ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ሙሌቱን ቀስ በቀስ የሚያፈስስ ሬዚስተር ይገጠማል፤ ነገር ግን ዕቃው የተበላሸ መሆኑን አስቀድመን ስለምናውቅ፣ ያ ሬዚስተር በጤንነቱ ላይ ነው ብለን እጃችንን የምናስይዝበት ምክንያት የለንም።

ነቅሎ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ጠቃሚ ልማድ ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ የቀረውን ኃይል ያወጣል። ይህ ግን ማዘርቦርድ ወይም ሚሞሪ ለመንካት የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ነው እንጂ ፓወር ሰፕላዩን ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። የእነዚህን ዕቃዎች ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ካፓሲተሩን በተገቢው ሬዚስተር አፍስሶ፣ በመልቲሜትር (ቮልቴጅና ኦም በሚለካ መሣሪያ) አረጋግጦ ነው የሚጀምረው፤ እርሱም ቢሆን አዲስ መግዛት ከጥገናው የሚሻል መሆኑን ብዙ ጊዜ ይነግርዎታል። ማራገቢያው አቧራ ከያዘ፣ ተነቅሎ ከውጭ በኩል የታመቀ አየር መንፋት ይበቃል፤ ሲነፋም ማራገቢያው ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከር ብረት ባልሆነ ቀጭን ዘንግ ያዝ ይደረጋል።

ኬዙ ሲነዝር

ብረት ኬዙን ሲነኩ ጣት ላይ የሚሰማ ለስላሳ ንዝረት ብዙ ሰው ችላ የሚለውና ብዙ ሰው በስሕተት የሚተረጉመው ምልክት ነው። ምክንያቱን ማወቅ የሚደረገውን ነገር ስለሚወስን ዘርዘር ላድርገው።

በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ የኮረንቲ መስመሮች ወደ ብረት ኬዙ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸውም የራዲዮ ረብሻን ወደ መሬት መስመር ማውረድ ነው። የመሬት መስመሩ ጤነኛ ሲሆን በእነርሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ትሄዳለች፤ ማንም አያውቃትም። የመሬት መስመሩ ከሌለ ወይም አንድ ቦታ ከተቋረጠ ግን ሁለቱ ካፓሲተሮች የመስመሩን ቮልቴጅ ለሁለት ይካፈሉታል፤ ኬዙም በግማሹ ላይ ይንሳፈፋል፤ በ230 ቮልት መስመር ላይ 115 ቮልት ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ቢያስፈራም የሚፈስሰው ኮረንቲ በጣም ጥቂት ስለሆነ መንዘር እንጂ መግደል የሚችል አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ፣ በውስጥ የተላጠ ሽቦ ኬዙን ነክቶ የሚመጣው እውነተኛ አደጋም አንዳንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ደረቅ ጫማ ለለበሰ ሰው፣ እንደዚሁ ለስላሳ ሆኖ መጀመሩ ነው። ጣት ሁለቱን መለየት አይችልም። በተጨማሪም የመሬት መስመር በሌለበት ዕቃ ላይ ነገ እውነተኛ የኮረንቲ መፍሰስ ወደ ኬዙ ቢፈጠር፣ ብሬከሩን የሚጥል መንገድ ስለሌለ የመሬት መስመሩን ቦታ የሚይዘው የነካው ሰው ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይነቀልና ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። የገመዱ ሦስተኛ እግር አለ ወይ? ማከፋፈያው ወይም ኤክስቴንሽኑ ሦስተኛውን መስመር እስከ መጨረሻው ያደርሳል ወይ? በመሐል ባለ ሁለት እግር ማስገቢያ ተጨምሮ ይሆን? ቀጥሎ፣ ከግድግዳው በተነቀለ ገመድ ላይ፣ መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙረው አንዱን ጫፍ በገመዱ የመሬት እግር ላይ፣ ሌላውን ባልተቀባ የኬዝ ብረት ወይም በፓወር ሰፕላዩ ብሎን ላይ ያድርጉ፤ ንባቡ ከ1 ኦም ብዙም የበለጠ መሆን የለበትም። መስመር የለም ካለ ገመዱን ቀይሮ መድገም ነው፤ በሌላ ገመድም መስመር ከሌለ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የመሬት ማያያዣ ተቋርጧል፤ ዕቃው አደገኛ ከተባሉት ይመደባል። እስከ ኬዙ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው ሶኬት ሊሆን ስለሚችል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው። የመሬት መስመሩ በመሣሪያ ተረጋግጦ ኬዙ አሁንም የሚነዝር ከሆነ፣ ወይም መፍሰስ የሚቆጣጠረው ብሬከር ኮምፒውተሩ በተሰካ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይወገድ። ንዝረትን ለማስቀረት የመሬት እግሩን መቁረጥ ወይም የመሬት ሽቦን ከውኃ ቧንቧ ጋር በግምት ማሰር መፍትሔ ሳይሆን አደጋውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

አደጋ ከሌለው፦ ጥፋቱ በእርግጥ የፓወር ሰፕላዩ ነው?

ሽታ፣ ጭስ፣ ንዝረትና የብሬከር መውረድ ከሌሉ መመርመር ይቻላል፤ መጀመር ያለበትም ከቀላሉ ነው። ስታቢላይዘሩን፣ ዩፒኤሱንና ማከፋፈያውን አልፎ በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት፣ ሌላ ገመድ መሞከር፣ በጀርባ ያለው ማጥፊያ አለመዘጋቱን ማየት፤ እነዚህ የሚያሳፍሩ ቢመስሉም ብዙ «የሞተ» ፓወር ሰፕላይ ያስነሳሉ። ሌላም አለ፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ሾርት ወይም ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲያይ ራሱን ይቆልፋል፤ ቁልፉም የሚፈታው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተነቅሎ ሲቆይ ነው።

ከባድ ሥራ ላይ እያለ ምንም መልእክት ሳያሳይ እንደ መብራት የሚጠፋ ወይም እንደገና የሚነሳ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን ያስጠረጥራል፤ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ የሚቆም ግን ይበልጥ ወደ ሚሞሪ፣ ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ዲስክ ያመለክታል። ሙቀትም ተመሳሳይ መልክ ስላለው የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ሳያዩ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለግማሽ ሰከንድ ማራገቢያዎቹ ዞረው የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ ሾርት የፈጠረው ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ነቅለው ከማዘርቦርድ፣ ከፕሮሰሰርና ከአንድ ሚሞሪ በቀር ሁሉንም ያላቁ፤ ከተነሳ አንድ በአንድ፣ በየጊዜው ከኮረንቲ እየነቀሉ፣ ይመልሱ። የፕሮሰሰሩ የ4 ወይም የ8 ፒን ገመድ በደንብ አለመግባትም ይህንኑ ምልክት ያሳያል።

በኔ ግምት ከማንኛውም መለኪያ የሚበልጠው ምርመራ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ማገናኘት ነው። የሚገኝ ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል መዝለል ይቻላል።

በመልቲሜትር መለካት

እዚህ የሚለካው ወደ ማዘርቦርድና ወደ ዲስክ የሚሄደው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ የግድግዳው ወገን አይነካም። ባለ 24 ፒኑ ዋና ኮኔክተር ላይ ሽቦዎቹ በተለመደው ቀለም ከሆኑ ቢጫ 12 ቮልት፣ ቀይ 5 ቮልት፣ ብርቱካናማ 3.3 ቮልት፣ ሰማያዊ ኔጌቲቭ 12 ቮልት፣ ሐምራዊ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የሚቆየው 5 ቮልት፣ ጥቁር ደግሞ የጋራ መመለሻ ነው። አረንጓዴው የማስነሻ ምልክት ሲሆን ግራጫው «ኃይሉ ተስተካክሏል» ብሎ ለማዘርቦርዱ የሚናገረው ነው። ብዙ አዳዲስ ገመዶች ግን ሙሉ ጥቁር ስለሆኑ በቀለም ሳይሆን በቦታ መቁጠር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሳያስነሱ፣ ተሰክቶ ብቻ እያለ፣ ሐምራዊውን ይለኩ። መልቲሜትሩ በ20 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ላይ ሆኖ ጥቁሩ ጫፍ በጥቁር ሽቦ፣ ቀዩ ጫፍ ከኮኔክተሩ ጀርባ በሐምራዊው በኩል ይገባል። 5 ቮልት ከሌለ፣ ገመዱና ሶኬቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ፣ ፍርዱ ከሞላ ጎደል ተሰጥቷል።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ለማስነሳት ከግድግዳው ነቅለው ሁሉንም ኮኔክተሮች ከኮምፒውተሩ ያላቁ፤ ከዚያ አረንጓዴውን ከአጠገቡ ካለ ጥቁር ጋር በአጭር የተሸፈነ ሽቦ ያገናኙ። ቀለም ከሌለ የኮኔክተሩን መያዣ ጥርስ ወደ ላይ አድርገው በዚያው ረድፍ ከግራ ሲቆጥሩ አራተኛው ማስነሻ፣ አምስተኛው መመለሻ ነው፤ ይህም 16ኛውና 17ኛው ፒን ማለት ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ ይህን ሙከራ ይተዉት፤ በስሕተት ሌላ ፒን ማገናኘት ዕቃውን ይጎዳል። ሽቦው ከገባ በኋላ ብቻ ይሰካል፤ እየተሰካ ሳለም ሽቦው አይነካካም።

የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላዮች በሚከተሉት የኤቲኤክስ ደረጃ መሠረት ዋና ዋናዎቹ ቮልቴጆች ከ5 በመቶ በላይ መዛነፍ የለባቸውም። ስለዚህ 12 ቮልቱ ከ11.40 እስከ 12.60፣ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ 3.3 ቮልቱ ከ3.14 እስከ 3.47 መካከል ይገኛል፤ ለኔጌቲቭ 12 ቮልት 10 በመቶ ይፈቀዳል። ከዚህ የወጣ ዕቃ ይለወጣል፤ በተለይ ከላይኛው ወሰን ያለፈው ዲስክና ማዘርቦርድ የሚገድል ስለሆነ ለአንድ ቀን እንኳ አይቆይም።

ከወሰኑ ያልወጣውስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ያለ ጭነት 12.1 ቮልት የሚያሳይ ፓወር ሰፕላይ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሲጀምር ወደ 11 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ያለው ልኬት ሁሉም ዕቃ ተገናኝቶ፣ ከባድ ሥራ ተከፍቶ፣ ጫፉ ከኮኔክተሩ ጀርባ ገብቶ የሚወሰደው ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ወይም ሌላ ሶፍትዌር የሚያሳየው ቁጥር ሊሳሳት ስለሚችል ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም። መልቲሜትርም ራሱ የማያየው ነገር አለ፤ ካፓሲተሮች ሲያረጁ በ12 ቮልቱ ላይ የሚታየው ፈጣን መንቀጥቀጥ ከተፈቀደው 120 ሚሊቮልት ሲያልፍ፣ መልቲሜትሩ አማካዩን ወስዶ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ይህን የሚያሳየው የቮልቴጅን ፈጣን መለዋወጥ በስክሪን የሚሥለው ኦሲሎስኮፕ ነው። ለዚህም ነው ልኬት መጥፎውን ማጋለጥ እንጂ ጥሩውን ማረጋገጥ አይችልም የምለው።

ጽሑፉ የሚናገረውና የሚደብቀው

ፓወር ሰፕላዩ ሳይበላሽ አቅሙ ብቻ ሊያንስ ይችላል። በጎኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል። ዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ ነው፤ ስለዚህ በ12 ቮልቱ ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 ያባዙ። ፊቱ ላይ 500 ዋት ተብሎ ሠንጠረዡ ግን 12 ቮልቱን 18 አምፔር ካለው፣ እዚያ ያለው 216 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው ዘመናዊ ኮምፒውተር እምብዛም በማይጠቀምበት ቮልቴጅ ላይ የተቆጠረ ነው። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክትም የሚለካው ከግድግዳው የተወሰደው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን መድረሱን እንጂ የዕቃውን ደኅንነት አይደለም፤ ብዙ ሰው ወርቅማውን ምልክት እንደ ዋስትና ያየዋል፤ አይደለም።

ጥሩ ስም ያለው አምራችም ይሳሳታል። ጊጋባይት እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት ሞዴሎቹ በሙከራ ወቅት መፈንዳታቸው በይፋ ከተነገረ በኋላ፣ ከጭነት በላይ መከላከያው ከአቅማቸው 120 እስከ 150 በመቶ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ወደ 110 እስከ 120 በመቶ ማውረዱን አስታውቆ፣ ቀድመው የተሸጡትን ለመለወጥ ተገዷል። ስለዚህ ችግር የሚያሳይ ዕቃ በእጅ ካለ የሞዴሉን ስምና ተከታታይ ቁጥር ይዞ አምራቹ ጥሪ አውጥቶ እንደሆነ መፈለግ ይገባል። በዋስትና ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ ብሎኑ ከተፈታ ዋስትናው አብሮ ሊፈታ ይችላል።

መተካት፦ አሮጌውን ገመድ አያቆዩ

አዲሱን ለመግጠም ፋይሎችን መገልበጥ፣ መንቀል፣ ማብሪያውን ተጭኖ ማፍሰስ፣ የድሮውን አገጣጠም ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የሚያጠፋው ስሕተት ሌላ ነው። ገመዶቻቸው ከፓወር ሰፕላዩ የሚላቀቁ ሞዴሎች ላይ፣ በማዘርቦርድና በዲስክ በኩል ያለው ጫፍ በደረጃ የተወሰነ ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ጫፍ እያንዳንዱ አምራች እንደ ፈቃዱ ያዋቅረዋል፤ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ገመዱ ልክ ይገባል፤ ጥርሱም ይይዛል፤ ግን 5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ 12 ቮልት ይደርስና ዲስኮቹ በአንድ ጊዜ ይሞታሉ። እኔም ኬዝ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የተደበቁትን የሳታ ገመዶች (ለዲስክ ኃይል የሚያደርሱትን) ለማውጣት ሰንፌ ሁለት ዲስክ ያጣሁት በዚህ መንገድ ነው። ከአሮጌው ጋር የመጣ ገመድ ሁሉ ከአሮጌው ጋር ይውጣ።

ከሞሌክስ (ባለ 4 ፒን የድሮ የኃይል ኮኔክተር) ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ ማገናኛዎችም ሌላ የእሳት ምንጭ ናቸው፤ በተለይ ሽቦዎቹ በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበሩት፣ በውስጥ ሁለት ሽቦ ሲቀራረብ ሾርት ሠርተው ይቀልጣሉ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ በቂ የሳታ ጫፍ ካለው ማገናኛውን ይጣሉት። ግራፊክስ ካርድን ከሳታ ገመድ በማገናኛ ማንቀሳቀስ ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው፤ የሳታ ኮኔክተር በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ሲሆን፣ ባለ 6 ፒኑ የካርድ ኮኔክተር 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል።

16 ፒን ያለው አዲሱ የግራፊክስ ካርድ ኮኔክተር እስከ 600 ዋት ያሳልፋል፤ ይህም 50 አምፔር በስድስት ትንንሽ ፒኖች፣ ለእያንዳንዱ ከ8 በላይ ማለት ነው። ለዚህ ጭነት ግማሽ የገባ ኮኔክተር ቦታ የለውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የቀለጡ ኮኔክተሮች በብዛት የታዩትም በዚህ ዓይነቱ ነው። እስኪቆልፍ ገፍተው፣ ክፍተት አለመኖሩን በዓይን አይተው፣ ሽቦውን ከኮኔክተሩ ሥር ሳያጥፉ ይተዉት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ የኬዙ ጎን ክፍት ሆኖ፣ አጠገቡ ቆመው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ይስጡትና ሽታና ሙቀት ይከታተሉ። አዲሱ ለቅጽበት ተነስቶ የሚቆም ከሆነ አሮጌው ሲሞት ማዘርቦርዱን ወይም ካርዱን ጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከላይ እንደተባለው አንድ በአንድ እየላቀቁ ይፈልጉ፤ አዲሱን «ይህም ብልሹ ነው» ብሎ ለመመለስ አይቸኩሉ።

አሮጌው ሳይከፈት፣ ከኃይል ገመዱ ተለይቶ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ለሚሰበስብ ወገን ይሰጣል። እስከዚያው በመደርደሪያ የሚቆይ ከሆነ፣ ደህና የመሰለው አንድ ሰው ከወር በኋላ አንስቶ እንዳይሰካው፣ መሰኪያው በፕላስተር ይሸፈንና በላዩ «ተበላሽቷል፤ እንዳይሰካ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍበት።